የቆርኪ ዝናብ

ባሲማ ሀቢቡላህ ከመካነ ሰላም ከተማ ወደ ላይ፣ ነፋሱ ነጠላ ከራስ ላይ በሚገፍፍበት ሜዳ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ታስተምራለች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምፅዋ ግን ማዶ ለማዶ የሚሰማ ሴት ናት። አባቷ ሸህ ሀቢቡላህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ድምፅዋን ከሳቸው ወረሰች ይሏታል። ግትርነቷንም የወረሰችው ከሳቸው ነው፤ ይኼን ግን ደፍሮ ፊቷ ላይ የሚናገር የለም።

የዚህች ሴት ጣጣ የጀመረው ከመማሪያ መጽሐፉ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባል ምዕራፍ አለው፤ በምድር ጫፍ ስላለው በረዶ መቅለጥ ያትታል። እንግዲህ ፍረዱ! እዚህ አገር በረዶ ማለት ባቄላ አራግፎ፣ ገብስ አጋድሞ የሚሄድ መዓት ነው። ቀለጠ ቢሏቸው ልጆቹ እሰየው ይላሉ እንጂ ምን ብለው ይጨነቃሉ? ባሲማ ስታነብላቸው ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ በመስኮት ያያል። የሚያናድዳት ደግሞ ነገሩ የነዚሁ የልጆቹ ጉዳይ መሆኑ ነው። በልጉ ሲቀር ጦሙን የሚያድረው የነሱ ቤት ነው።

አንድ ቀን ታዲያ መጽሐፉን ከደነችና ገበያ ዳር ወዳለው ሻይ ቤት ሄዳ የለስላሳ ቆርኪ በፌስታል ለቃቅማ መጣች። ባለ ሻይ ቤቱ ምን ሊሠራልሽ ነው ቢላት፣ ዝናብ ላዘንብበት ነው አለችው። ከቆርኪዎቹ ከፊሉን በታናሽ እህቷ የጥፍር ቀለም ቀይ ቀባች፤ ከፊሉን እንዳለ ተወችው። ቀዩ ፀሐይ፣ ያልተቀባው ዝናብ ሆነ። ሁለት ከረጢት ሰፋች፤ አንዱን የአያቶች ከረጢት፣ ሌላውን የኛ ከረጢት ብላ ጠራቻቸው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ልጆቹ በቡድን ይከፈሉና እያንዳንዱ ቡድን እፍኝ ባቄላ ይሰጠዋል፤ ዘሩ ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ ማሳ ይሠመራል። ቡድኑ ተመካክሮ የፈለገውን ያህል ባቄላ ማሳው ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ አንዱ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ከከረጢቱ ቆርኪ ያወጣል። ዝናብ ከወጣ ዘሩ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ቀይ ከወጣ ባሲማ ማሳውን በእጇ ጠርጋ ትወስደዋለች። በአያቶች ከረጢት ሲጫወቱ ቀዩ አልፎ አልፎ ብቻ ነበርና ሁሉም ጠገበ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በኛ ከረጢት ሲጫወቱ ግን ቀዩ በዝቷል፤ ዘሩን ሙሉ ያፈሰሰ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። የደወሉን መደወል የሰማ አልነበረም።

ሁዜይፋ የሚባል ክርክር ወዳድ ተማሪ ተነሥቶ፣ የአያቶቻችንን ቆርኪ ከከረጢቱ ማን ወሰደው ብሎ ጠየቀ። ባሲማ ስለ ፋብሪካው ጭስ፣ ስለ መኪናው፣ ስለሚጨፈጨፈው ደን ነገረችው። ልጁ አሰበና፣ እኛ መኪናም ፋብሪካም የለንም፤ ታዲያ ለምን ከኛ ከረጢት ይወሰዳል አለ። ባሲማም ይኼን ጥያቄ ይዘህ እደግ፣ አንድ ቀን የሚመለከታቸውን ትጠይቅልናለህ አለችው።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ጨዋታው የተዋጣላት አፍናን ነበረች፤ የገበሬው የይማም ልጅ። ዝምተኛ፣ ዓይኗን ከመምህሯ አፍ ላይ የማትነቅል፣ ጎበዝ ልጅ ናት። እሷ ቆርኪ ስታወጣ ቡድኗ ይጠግባል። ልጆቹ እጇ በረካ አለው ብለው እያንዳንዱ ቡድን ለኛ አውጪልን እያለ ይሻማባት ጀመር። ባሲማም ሳቀች፤ ልብ አላለችውም። ወዮላት።

የካቲት ሲጠባ፣ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ ዝናብ መጣ። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ጠዋት መሬቱ ጠጥቶ ጠግቦ ተገኘ። አገሩ በሙሉ በሬ ጠመደ። የበልግ ገብስ የሚዘራው በዚሁ ርጥበት ነው፤ ነፋሱ መጥቶ አፈሩን ሳያደርቀው ካልተዘራ አለቀ፣ ደቀቀ። ቢተው የሚባለው ገበሬ፣ የይማም ጎረቤትና መቀናጆ፣ የራሱን በሬ ከይማም በሬ ጋር አቀናጅቶ የራሱን ማሳ ዘርቶ ጨረሰ። ከዚያ ተራው የይማም ነበር። ይማም ግን አልጠመደም።

አምና ይማም ቀምሷል። እንደ ዘንድሮው ያለ ዝናብ አይቶ ዘሩን ሙሉ አፍስሶ፣ ቡቃያው ጣት ሳያህል ሰማዩ ተዘግቶ ቀረበት። የተረፈችውንም የጭላዳ ዝንጀሮ እየነቀለ በላት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ፤ ዘንድሮ ጎተራው ውስጥ ያለችው ዘር የመጨረሻዋ ናት። እሷን ካጠፋ ለክረምቱም የሚዘራው የለው፣ ለልጆቹም የሚያቀምሰው የለው። እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ ነው ልጁን አፍናንን፣ ትምህርት ቤት ስለ ዝናቡ ምን ይላሉ ብሎ የጠየቃት። እሷም ቀይ ወጣ አለችው። በማግስቱም ጠየቃት፤ ዛሬም ቀይ ነው አለችው። ይማም ዘሩን መልሶ ጎተራው ውስጥ አደረገ።

ቢተው ይኼን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ አንተ ሰውዬ ምን ነካህ አለው። ይማም ግን ፍንክች አላለም። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ሰማዩን የሚያይበት መሣሪያ አለው፤ መምህሯ ያንን አይታ ነው ለልጆቹ በቆርኪ የምትነግራቸው ብሎ አምኗል። ቢተው ሳቁን ገበያ ይዞት ሄደ። ወሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲሄድ ይወፍራል። ገበያ ሲደርስ የሸህ ሀቢቡላህ ልጅ ፋል ትጥላለች፣ የይማምን ዘር በፋል አስቀረችው ሆነ።

ፋል መጣል ማለት ዕጣ እየጣሉ የነገውን እናውቃለን ማለት ነው፤ በሸሁ ዘንድ ከዚህ የከፋ ሐራም የለም። በወጣትነታቸው ጥቁር በግ አምጡ፣ ቀይ ዶሮ አምጡ እያሉ ደሃ የሚገፉትን ፋል ጣዮች ከመንደር መንደር ሲሟገቱ ነው የኖሩት። በዚህ የተነሣ ያጡት ወዳጅም፣ ያተረፉት ጠላትም ብዙ ነው። አሁን በእርጅና፣ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ሰውን በድምፁ በሚለዩበት ዘመን፣ ይኼ ወሬ ከገዛ ቤታቸው ወጣ። ባሲማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ደጁ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

ሰላምታዋን ተቀበሉ፤ ግን እንደ ልማዳቸው ወደ አጠገባቸው አልሳቧትም። የሰሙትን ሁሉ በዝግታ ነገሯት። ባሲማ ጨዋታ ነው አባባ፣ ትምህርት ነው፣ ወላሂ ስለ ነገ የተናገርኩት ነገር የለም ብላ አስረዳቻቸው። የሁለቱን ከረጢት ልዩነት፣ ዘመኑ እንዴት እንደተቀየረ፣ ልጆቹ ምን እንደተማሩበት አንድ ባንድ ነገረቻቸው። ሸሁ አዳመጡ። ስለ ዘመኑ መቀየር አልተከራከሯትም፤ እሳቸው በልጅነታቸው በልግ የሚቀርበት ዓመት ስም ወጥቶለት ሲታወስ ይኖር እንደነበር፣ አሁን ግን የመጣበት ዓመት እንደሚታወስ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ከረጢቱን አምጪው።»

አመጣችላቸው። እጃቸውን ከተቱና ቆርኪዎቹን በጣታቸው እያገላበጡ ቆዩ። አንዱን አወጡ። «ይኼ የተቀባው ነው» አሉ። ሌላ አወጡ። «ይኼ ያልተቀባ።» ደግመው አወጡ፤ ደግመው ለዩ። አንድም አልሳቱም። የጥፍር ቀለሙ ሲደርቅ ይወፍራል፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው እንደ ፊደል የሚነበብ ነው።

«ያ ጀሊሉ» አሉ ሸሁ፣ ባለማመን ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ስንቱን ፋል ጣይ አይቻለሁ። እጅ የፈለገውን የሚያወጣበት ፋል ግን አይቼ አላውቅም።»

ባሲማም ቆርኪውን ተቀብላ ዳበሰችው። የአፍናን ቡድን ሁልጊዜ መጥገቡ፣ የልጆቹ መሻማት፣ እጇ በረካ አለው መባሉ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባት። ልጅቷ ስትፈልግ ዝናብ ታወጣ ነበር። ዝናቡ በእውነት የመጣ ሰሞን ደግሞ ቀይ በቀይ አወጣች። አውቃ ነው። ግን ለምን? የገዛ አባቷን ጎተራ ባዶ ልታስቀር?

ሸሁ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ስለ ወሬው ለሕዝቡ እንደሚናገሩ ነገሯት። ልጃቸው በመሆኗ አይሸፍኑላትም። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና፣ ከዚያ በፊት አንቺው ከይማም ቤት ሄደሽ ያበላሸሽውን አቅኚው አሏት። እስከ ጁሙዓ ያለው ነገዋ ብቻ ነበረች። ያን ቀን ከሰዓት ጀምሮ ነፋሱ ተነሥቷል፤ የደረቀው ነፋስ፣ ከገደሉ በኩል የሚመጣው። ባሲማ ከቤቷ ደጅ ሆና የማሳዎቹ ፊት ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲሄድ አየችው።

በማግስቱ፣ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ፣ አፍናንን አስቀረቻት። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ልጅቷ ከረጢቱን አየች፣ መምህሯን አየች።

ነገሩን ያወጣችው እያለቀሰች ነው። አባቷ በልግ ከዘራ፣ ዘሩን ከጭላዳ የምትጠብቀው እሷ ናት። ወንድሞቿ ሕፃናት ናቸው፤ እናቷ ከቤት አትለይም። ጭላዳው ደግሞ ዘሩ መሬት ከነካ ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ከገደሉ ወጥቶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚመለሰው፤ ማሳውን ለአፍታ ከተዉለት አለቀ። አምና በልጉን ሙሉ ማማ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ፈተናውም አለፋት፤ ስድስተኛ ክፍልን ያለፈችው ባሲማ ለምና፣ ለብቻዋ አስፈትናት ነው። ዘንድሮ ደግሞ አንዲት አክስቷ መጥታ፣ ከትምህርቱ ካልሆነችማ ምን ታስቀምጧታላችሁ፣ ለባል ስጧት ስትል ሰምታለች። አፍናን ይኼን ስትሰማ ጣቶቿ ከረጢቱ ውስጥ ገብተው ቀዩን ፈለጉ።

«አባዬ ያምነኛል ብዬ አላሰብኩም ቲቸር» አለች። «አንድ ቀን ቢዘገይ ብዬ ነበር። ከዚያ እውነት ብሎ ዘሩን ሲመልሰው ፈራሁ።»

ባሲማ ልትቆጣት አሰበችና ተወችው። ይኼን ጨዋታ ያመጣችው እሷ ናት። ዝናብ እንዴት እንደተጓደለ ለማስተማር ነበር፤ ልጅቷ የተማረችው ግን ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚቀማት ነው። አሁን ምን ታድርግ? ለይማም እውነቱን ብትነግረው የልጅቷ ነገር አበቃ፤ አባቷን አታልላ ጎተራ ልታራቁት የነበረች ልጅ ነገ ትምህርት ቤት የሚልካት ማን አለ። ዝም ብትል ደግሞ ርጥበቱ ያልፋል፤ ያ ቤት ይራባል፤ የተራበ ቤት መጀመሪያ የሚያስቀረው ሴት ልጁን ነው። በየትም ብትሄድ የምትጎዳው አፍናን ሆነች። ባሲማ በዚያች ሰዓት ያንን የጥፍር ቀለም ረገመችው።

ከትምህርት ሲለቀቁ ሁለቱ አብረው ወረዱ። ነፋሱ አቧራ ማንሣት ጀምሯል፤ ከዝናቡ በኋላ ይኼ የመጀመሪያው አቧራ ነበር።

ይማም ደጁ ላይ ቆሞ ማሳውን ያያል። ያልታረሰው የሱ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ሁሉ ተገልብጦ ዘር ገብቶበታል። ባሲማን ሲያይ ፊቱ በራ። ግቢ፣ ቤት ለእንግዳ አለና ሚስቱን ሺፋን ተጣርቶ መቀመጫ አስመጣ። ሰላምታው ረዘመ፤ የአባቷ ጤና፣ የእናቷ፣ የከብቱ፣ የሁሉም ተጠየቀ። ባሲማ ለያንዳንዱ አልሐምዱሊላህ አለች። በመጨረሻ ቆርኪው ጨዋታ መሆኑን፣ ስለ ዘንድሮ ሰማይ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ነገረችው። ዘሩን በሱ የተነሣ አስቀርቶ ከሆነ ጥፋቱ የሷ እንደሆነ፣ አውፍ እንዲላት ለመነችው።

ይማም ግን አልሰማትም። የሰማው ሌላ ነው። መምህሯ ወሬውን ፈርታ፣ አባቷን ፈርታ፣ የምታውቀውን ልትደብቀው የመጣች መሰለው።

«ባሲማ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ለማንም አልናገርም። ከረጢቱን ይዘሽው መጥተሻል፣ አየሁት። አንዴ አውጪልኝ። ዝናብ ከወጣ ነገ በጠዋት እጠምዳለሁ። ቀይ ከወጣ ልጆቼን ይዤ ወደ ቆላ እወርዳለሁ። በቃኝ፣ መወላወሉ ገደለኝ።»

ባሲማ እጇን ወደ ከረጢቱ ሰደደች። ለምን እንደሰደደች ራሷም አታውቅም። ጣቶቿ ወዲያው ያልተቀባውን አገኙት፤ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ ቆርኪ። ይኼን ብታወጣው ሰውዬው ይዘራል። ልጅቷም አትነካም። ሸሁም የሚሉት አይኖራቸውም። ሁሉም በአንድ ቆርኪ ያልቅ ነበር። ግን ዝናቡ ቢቀርስ? ከነገ ጀምሮ በልግ በመጣ ቁጥር ይኼ ሰው ደጇ ላይ ሊቆም፣ ጎረቤቱን ሊያስከትል፣ እሷም እንደነዚያ አባቷ ሲሟገቷቸው እንደኖሩት ሰዎች ልትሆን አይደል? እጇን ባዶውን አወጣች።

«እርስዎ ያውጡ አያ ይማም» አለችው። «ከማውጣትዎ በፊት ግን በጣትዎ ይዳብሱት።»

አፍናን ከበሩ መቃን ተለጠፈች። ይማም ግራ እየገባው እጁን ከተተ። የገበሬ ጣት ነው፤ ሻካራ ቢሆንም የገብስን ፍሬ ከእንክርዳድ በጨለማ የሚለይ ነው። ዳበሰ። አንዱን ያዘ፣ ሌላውን ያዘ። አወጣና አየው፤ ቀይ። እንደገና ከተተ፤ አሰበና አወጣ፤ ያልተቀባ። እንደገና። ፊቱ ላይ የነበረው ተስፋ ቀስ እያለ ሄደ። ከዚያ ከረጢቱን መሬት ላይ አኖረና ወደ ልጁ ዞረ።

ሺፋ ነገሩ ባይገባትም የባሏን ፊት አይታ መጥታ ከልጇ ፊት ቆመች።

«ታውቂው ነበር?» አላት ይማም ልጁን።

አፍናን አዎን በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ቀዩን አውቀሽ ነው ያወጣሽው?»

«አዎ አባዬ።»

ይማም ተነሣ። ግድግዳው ሥር ወደተደገፈው ጅራፍ አየ፤ ሁሉም ሲያይ አዩት። ሺፋ ልጇን በክንዷ ወደ ኋላ ገፋቻት። ባሲማ፣ አያ ይማም፣ ለምን እንዳደረገችው መጀመሪያ ይጠይቋት አለች። ይማም ጅራፉን ሳያነሣ ቆመ። ከዚያ ለምን አለ፣ ማንን እንደጠየቀ ሳይታወቅ።

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ሆና ተናገረች። የጭላዳውን ጥበቃ፣ ማማውን፣ ያለፋትን ፈተና፣ አክስቷ ያለችውን። ሲዘራ መቅረቷ እንደሆነ፣ አንዴ ከቀረች ደግሞ እንደማይመልሷት። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻው ላይ አልሰማ አለ። ሺፋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ አክስቲቱ የሷ እህት ናት፤ ወሬው ልጅቷ ጆሮ እንደደረሰ አታውቅም ነበር።

ይማም መቀመጫው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያነሰ መሰለ። አምና ስንት ትምህርት እንዳለፋት ጠየቃት፤ ነገረችው። ማማው ላይ ስትውል ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቃት፤ ያለፋትን በልቧ እያሰላሰለች እንደነበር ነገረችው። ፊቱን በመዳፉ አበሰ።

«እኔ ሰማዩን ስፈራ ከርሜ» አለ፣ «ለካ ልጄ የምትፈራው እኔን ኖሯል።»

ባሲማ ዕንባዋ መጣ፤ ዞር ብላ አበሰችው። አብሽር፣ አይዞዎት ልትለው ፈለገች፤ አብሽር የሚባልበት ጊዜ መስሎ አልታያትም። ይማም ተነሥቶ ወጣ። ማሳው ዳር ሄዶ ተንበረከከና እጁን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ከተተ። ከላይ ደርቋል። ያወጣውን አፈር ጨብጦ አየው፣ አሸተተው፣ እንደገና በጥልቀት ቆፈረ። ከዚያ ጮክ ብሎ ቢተውን ከማዶ ተጣራ። በሬህን ይዘህ ና አለው፣ ነገ ጎህ ሳይቀድ። ቢተው ወዲያ ማዶ ሆኖ፣ ቆርኪው ፈቀደልህ እንዴ ብሎ ጮኸ። ይማም አልመለሰለትም።

ባሲማ ልትሰናበተው ስትጠጋ፣ ይዘንብ ይመስልሻል ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለችው። ጥሩ፣ እኔም አላውቅም አለና እጁን ከልብሱ ላይ አራገፈ።

በማግስቱ ይማም ለጁሙዓ ሰላት ሲመጣ ዘግይቶ ነበር፤ ልብሱ አቧራ፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር አፈር። ሸሁ ከሰላት በኋላ ስለ ፋል ተናገሩ፤ ልጃቸውንም በስም ጠርተው፣ የልጆች ማስተማሪያ ጨዋታ እንደሆነ፣ ግን ለወላጆች ሳታስረዳ በመጀመሯ ያጠፋችው እሷ እንደሆነች አሉ። ባሲማ ይኼ ሲነገራት አኮረፈች። ከዚያ አባባ እውነታቸውን ነው አለች፤ ለማለት ግን ቅዳሜና እሑድ ፈጀባት።

ሰማዩ አልቸኮለም። ዝናቡ ከዚያ በኋላ አንዴ ጣል አድርጎ ጠፋ፤ ገብሱ በየስፍራው ሳስቶ በቀለ፤ ከገደሉ በኩል ደመናው እየመጣ እየተመለሰ ሰውን አቃጠለው። ጭላዳው ግን አልቀረም። ይማም ራሱ ማማው ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን ይዞ፣ ከጎህ እስከ ምሽት ሲጮህ ይውላል። ጢሙ የሸበተ ገበሬ የልጅ ሥራ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያዩት አላፊ አግዳሚው ሁሉ አበደ አለ። ቢተው በየቀኑ አዲስ ተረብ ያመጣለታል። አፍናን ግን አንድም ቀን ከክፍል አልቀረችም።

አንድ ቅዳሜ ባሲማ ወደ መካነ ሰላም ገበያ ስትወርድ በማሳው ዳር አለፈች። አፍናን ማማው ሥር ቆማ ሽቅብ ወደ አባቷ አንጋጣለች። ወንጭፉን ስጠኝ፣ ዛሬ ትምህርት የለኝም፣ አንተ ውረድና ጋደም በል ትለዋለች። ይማም አሻፈረኝ አለ። ሂጂ አጥኚ፣ እኔ አልደከመኝም አላት። ልጅቷ አልሄደችም። ባሲማ ልትሰናበት እጇን አንሥታ ነበር፤ የሰውዬውን ጥያቄ ስትሰማ ግን ባለችበት ቆመች።

«አሁንስ የምትፈሪው ምንድን ነው?» አለ ይማም፣ ወደ ታች ሳያይ።

ልጅቷ የሳሳውን ቡቃያ አየች፤ ከገደሉ ማዶ ያለውንም ሰማይ አየች።

«ዝናቡ እንዳይቀር» አለች።

«እኔም» አላት አባቷ፤ ወደ ዳር ጠጋ ብሎም አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።